የቴስት ስትራቴጂ ጻፍኩ፣ ማንም አላነበበውም። ከየት ልጀምር?

የደመወዝ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው፣ አዲስ አበባ። 14 ሰው ነን፣ 8ቱ ዴቨሎፐር። ለድርጅቶች የደመወዝና የሠራተኛ ሰዓት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንሠራለን። እስካሁን ቴስት የምንለው ሪሊዝ (አዲሱን ሥሪት ለደንበኛ የምንለቅበት ቀን) ሲደርስ ሐሙስ ማታ ሁላችንም ቁጭ ብለን ቁልፍ ሁሉ እየነካካን “እሺ፣ ይሠራል” መባባል ነው።

በ2017 የደመወዝ ግብር ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲወጣ ጉዳችን ወጣ። አዲሱን ሰንጠረዥ ዋናው ስሌት ላይ አስገባን። ለካ የትርፍ ሰዓት ስሌቱ ከዓመታት በፊት አንዱ ኮፒ ያደረገውን የራሱን ሰንጠረዥ ነበር የሚጠቀመው። የሁለት ደንበኞች ሠራተኞች ደመወዛቸው ተዛብቶ ወጣ፣ ስልኩ ለሦስት ቀን አላረፈም።

አለቃችን “የቴስት ስትራቴጂ ይኑረን፣ ምኑን እንዴት እንደምንፈትሽ ይጻፍ” አለና እኔ ላይ ጣለው። እኔም ሁለት ሳምንት ቁጭ ብዬ 31 ገጽ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ኢንተርኔት ላይ ካገኘሁት ፎርማት ነው። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት፣ ሦስት ሰው አውራ ጣት ሰጠኝ፣ በቃ። ሲኒየሩ ደግሞ “ቴስት መጻፍ ሥራ ያጓትታል” ብሎ ዘጋው። ሴሌኒየም (ስክሪኑን እንደ ሰው እየነካካ በራሱ የሚፈትሽ መሣሪያ) ልማር? ኪውኤ (ሥራው መፈተሽ ብቻ የሆነ ሰው) ይቀጠር ልበል? ወይስ ልተወው?

ጳጉሜ_6፦
31 ገጹን ተወው ወንድሜ። እኔም አንድ ጊዜ 40 ገጽ ጽፌ አውቃለሁ፣ እስካሁን ሼር ፎልደር ውስጥ ተኝቷል።

መጀመሪያ ላለፉት ስድስት ወራት ደንበኛ ደውሎ የጮኸባችሁን ችግር ሁሉ አንድ ኤክሴል ላይ አውጣ። ምን ተበላሸ፣ የት፣ ማን አገኘው፣ ለማስተካከል ስንት ቀን ወሰደ። ሌላ ነገር አትጨምርበት። እኔ እንዳየሁት ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት አራት ቦታዎች ናቸው እየተመላለሱ የሚመጡት። ስትራቴጂህ እነሱ ናቸው። ሎጎ የሚቀየርበት ገጽ ላይ ጊዜ አታባክን፣ ቢበላሽም ማንም አይራብም።

ቀጥሎ የሒሳብ ሠራተኛችሁ ጋ ሂድ። ቡና ጋብዛትና ሀያ የሚሆን የደመወዝ ዓይነት በእጇ እንድታሰላልህ ለምናት። ለምሳሌ 5,000 ብር ብቻ የሚያገኝ ሰው፣ ግብሩ 500፣ የራሱ 7 በመቶ ጡረታ 350፣ እጁ የሚገባው 4,150፣ ከአሠሪው የሚወጣው 11 በመቶ ደግሞ 550። ከዚያ የግብሩ መቶኛ የሚቀየርባቸውን ድንበሮች አስጨምራት። ልክ 2,000፣ ከዚያ 2,001። ልክ 14,000፣ ከዚያ 14,001። በወሩ አጋማሽ የተቀጠረ፣ ያለ ክፍያ ፈቃድ የወጣ፣ ትርፍ ሰዓት ያለው። ይህን ሰንጠረዥ ለዴቨሎፐሮቹ ስጣቸውና ዩኒት ቴስት (እያንዳንዱን ስሌት ለብቻው የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ) ያድርጉት። ሲኒየሩ ከአንተ ጋር ይከራከር ይሆናል፣ ከእሷ ቁጥር ጋር ግን አይከራከርም። እሱም ቢሆን እኮ በየወሩ ደመወዝ ይቀበላል።

ደረቅ_ኮድ፦
ኧረ እናንተ ነገር ታከብዳላችሁ። 14 ሰው ላለበት ቤት ምን ስትራቴጂ ያስፈልገዋል? አንድ ጎበዝ ኪውኤ ቅጠሩና ተገላገሉ። ዴቨሎፐር ኮድ ይጻፍ፣ ቴስተር ቴስት ያድርግ።

ጳጉሜ_6፦
@ደረቅ_ኮድ እሱን አይቼዋለሁ። ለስምንት ዴቨሎፐር አንዲት ልጅ ቀጠርን። ከዚያ በኋላ ሰዉ የራሱን ሥራ አንዴ እንኳን ከፍቶ ሳያይ ይልክላት ጀመር፣ ሁሉም አርብ ከሰዓት። ችግር ሲፈጠር ደግሞ “እሷ አላየችውም” ይባላል። በሰባት ወሯ ጥላን ሄደች፣ አልፈርድባትም። ኪውኤ መቅጠር ክፉ አይደለም፣ ግን መጀመሪያ ዴቨሎፐሩ የራሱን ይፈትሽ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እኔ ሜሪላንድ ነኝ። እዚህ አካባቢ ብዙ አበሻ አይቲ ውስጥ የገባው በኪውኤ ኮርስ ነው፣ እኔም እንደዚያው። ስለዚህ ሴሌኒየም ልማር ላልከው፣ ተማር፣ ለራስህ ጥሩ ነው። ድርጅቱን ግን በእሱ አትጀምር።

የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ሁሉንም ነገር በስክሪን በኩል አውቶሜት አድርገን፣ ማለትም ፈተናው በራሱ እንዲሮጥ አድርገን ነበር። ለማለቅ አምስት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ቁልፍ ቦታው ሲቀየር ሠላሳው ቴስት ቀይ ይሆናል፣ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍም ቀይ፣ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ቀይ። ቀስ በቀስ ሰው ቀዩን ማየት ተወ፣ እና አንድ ቀን እውነተኛው ቀይ መጣ ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ስሌቱን ከታች፣ ኮዱ ላይ ፈትሹት። እሱ በሰከንድ ያልቃል። በስክሪን የምትፈትሹት አምስት ስድስት ዋና መንገድ ብቻ ይሁን፦ መግባት፣ ደመወዝ ማስላት፣ ማጽደቅ፣ ለባንክ የሚላከውን ፋይል ማውጣት።

ሌላው ደግሞ ፕሮዳክሽን (ደንበኛው የሚጠቀምበት ሲስተም) ላይ የምትጭኑበት መንገድ ራሱ መፈተሽ አለበት። ናይት ካፒታል የሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲሱን ኮድ ሰባት ሰርቨር ላይ ጭኖ ስምንተኛውን ዘለለው። እዚያ ላይ የቀረው አሮጌ ኮድ ተነሳና በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከሰራቸው። የእናንተም የግብር ሰንጠረዥ ታሪክ የዚሁ የአክስት ልጅ ነው፣ አሮጌው አንድ ቦታ ቀርቶ።

ኃይሌ_በስንተኛው_ሀ፦
የእኛን አገር ነገሮች አትርሱ እንጂ! ኃይሌ፣ ሃይሌ፣ ሀይሌ። ሦስቱንም እየጻፋችሁ ሰው ፈልጉ፣ ሲስተማችሁ አንዱን ካገኘና ሁለቱን ካጣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ ደመወዝም ሁለት ጊዜ ይወጣለታል (ለእኔ ቢሆን አልቃወምም)።

ሰዓቱም አለ። ሠራተኛው 2፡30 ገባሁ ብሎ ይሞላል፣ የእኛ ጠዋት ነው። ሲስተሙ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ያደርገዋል፣ ያልሠራውን ስድስት ሰዓት ትርፍ ሰዓት ብሎ ይከፍለዋል። ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበትን ዓመትም አስገቡ፣ 2015 አልፏል፣ ቀጣዩ 2019 ነው። ደመወዝ እየተሰላ መሀል ላይ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም እዩት። ሶኬቱን ንቀሉና እዩት፣ እየቀለድኩ አይደለም።

የደመወዝ_ልጅ፦
ተመልሻለሁ፣ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ዝርዝሩን አወጣሁ፣ 23 ችግር። 14ቱ ከሁለት ፋይል ብቻ ነው የሚመጡት፣ ሁለቱንም የጻፋቸው “ያጓትታል” ያለው ሲኒየር ነው። ግሩፕ ላይ አልለጠፍኩትም፣ ለብቻው አሳየሁት። ዝም ብሎ ቆየና “ሰንጠረዡን ላክልኝ” አለኝ። አሁን ከሀያዎቹ 16ቱን ቴስት አድርጓቸዋል፣ ኮድ ሲገባ በራሳቸው ይሮጣሉ።

የሒሳብ ሠራተኛችን ግን ሌላ ጉድ አመጣች። የጳጉሜን ትርፍ ሰዓት በየትኛው ወር ትከፍላላችሁ ብላ ጠየቀችኝ። ሲኒየሩን ጠየቅኩ፣ “ከመስከረም ጋር” አለ። ደንበኞች ጋ ደወልኩ፣ አንዱ ከነሐሴ ጋር ይላል፣ ሌላው ከመስከረም፣ ሦስተኛው “እናንተ አይደላችሁ እንዴ የምታውቁት?” አለኝ። ለካስ ቴስት ከመጻፉ በፊት ትክክለኛው መልስ ራሱ የለንም። ሰኞ ስብሰባ ጠርቻለሁ፣ አለቃችንም ይገኛል። 31 ገጹን አንብቦት ይሆን ብዬ ፋይሉን ባየው፣ እስካሁን የከፈትኩት እኔ ብቻ ነኝ።