ዩሪ አቬርባክን በአምስት ደቂቃ እንዴት ላስታውሳቸው?

የቼስ ክበብ (ደብረ ማርቆስ)

እንዴት ከረማችሁ? ደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ነኝ። ከክፍል በኋላ የቼስ ክበቡን የምይዘውም እኔ ነኝ። አራት ሰሌዳ አለን፤ ሃያ ሁለት ልጅ። የምንጫወተው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው።

የካቲት 1 የሶቭየቱ ግራንድ ማስተር (በቼስ ከፍተኛው ማዕረግ ነው) የዩሪ አቬርባክ የልደት ቀን ነው። የሚኒ ሚዲያ ልጆች በዚያ ቀን በረፍት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል። ስለ እርሳቸው አንድ ነገር ማንበብ እፈልጋለሁ።

ለምን እርሳቸውን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ቼስ ያስተማሩኝ ጋሼ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዚያ ይዘውት የመጡት አንድ የሩሲያኛ የቼስ መጽሐፍ ነበራቸው። ሽፋኑ ተገንጥሏል። የውስጡ ገጽ ላይ ያለውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ «አ-ቬር-ባክ» ብለው አነበቡልን። እኛ ሩሲያኛ አናውቅም። ሥዕሉ ግን ይገባናል።

የትምህርት ቤቱ ጠጠር ሙሉ አልነበረም። ከሠላሳ ሁለቱ የቀረው አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው። የጥቁሩ ሩክ (በሰሌዳው ጥግ የሚቆመው ግንብ) የአምቦ ውሃ ቆርኪ ነበር። «በዚህ እንዴት እንጫወታለን?» ስንላቸው ጋሼ ሁለት ንጉሥና አንድ ወታደር ብቻ ሰሌዳው ላይ አስቀመጡ። «ይኸው፣ ሞላ» አሉ። «እኚህም ሰውዬ ከዚሁ ነው የሚነሱት።» ክረምቱን ሙሉ በሦስት ጠጠር ተማርን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፃቸው አይሰማም። በእጃቸው ብቻ እያሳዩ ያስተምሩን ነበር።

አሁን ጽሑፉን ስጀምረው «ተወለዱ፣ ሻምፒዮን ሆኑ፣ አረፉ» እየሆነብኝ ነው። እንዲህ ካነበብኩት ልጆቹ አያዳምጡም፤ ኳሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሰውየው ግራንድ ማስተር ናቸው፣ አስተማሪ ናቸው፣ ጋዜጠኛ ናቸው። ከየቱ ልጀምር? የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ።

---

የምንቆረር ልጅ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ቆርኪውን ሳነብ ሥራዬን አቁሜ ቁጭ አልኩ። ያንን ቆርኪ አውቀዋለሁ! እኔም የጋሼ ተማሪ ነኝ። ካንተ ቀድሜ ሳልሆን አልቀርም፤ በእኔ ጊዜ የጠፋው የጥቁር ሩክ ብቻ ነበር። ሴት ልጅ ቼስ ክበብ ውስጥ ምን ትሠራለች ሲባል «ንግሥቷ አይደለች ሰሌዳውን የምትገዛው?» ብለው የመለሱልኝ እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ እንደ ራሴ ነው የማየው።

መጀመሪያ ቀኑን ልስጥህ። አቬርባክ ካሉጋ በምትባል የሩሲያ ከተማ የተወለዱት እ.ኤ.አ. የካቲት 8 ቀን 1922 ነው። ያረፉት ሞስኮ ውስጥ ግንቦት 7 ቀን 2022። በእኛ አቆጣጠር ስታደርገው የካቲት 1 ቀን 1914 ተወልደው ሚያዝያ 29 ቀን 2014 አረፉ ማለት ነው። መቶ ዓመት ከሦስት ወር አካባቢ። መቶ ዓመት የሞላቸው የመጀመሪያው ግራንድ ማስተር እርሳቸው ናቸው። ለልጆቹ በእኛው አቆጣጠር ንገራቸው፤ 1914 እና 2014 ጆሮ ላይ ይቀራል።

ግን ከዚህ አትጀምር። ከሽንፈታቸው ጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1953 ዙሪክ ላይ ለዓለም ሻምፒዮና ተፋላሚ የሚለይበት ትልቅ ውድድር ነበር፤ አሥራ አምስት ተጫዋች። አቬርባክ ነጭ ይዘው ከአሌክሳንደር ኮቶቭ ጋር ተገናኙ። በ30ኛው እርምጃ ኮቶቭ ከጠጠር ሁሉ ኃይለኛዋን፣ ንግሥታቸውን፣ ለአንድ ወታደር ሰጡ። አቬርባክ ከመብላት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ንጉሣቸው ንግሥቷን በልቶ ከቤቱ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣ። እየተሳደደ፣ እየተከበበ ቆይቶ በ51ኛው እርምጃ እጅ ሰጡ። ጨዋታው እስከዛሬ ከታላላቆቹ አንዱ ነው እየተባለ ይታተማል። በታተመ ቁጥር ደግሞ የተሸናፊው ስም አብሮ ይታተማል።

ይህ የሆነው በመስከረም አካባቢ ነው። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. 1954፣ ኪየቭ ላይ የሶቭየት ኅብረት ሻምፒዮን ሆኑ። ኮርችኖይንና ታይማኖቭን ከኋላቸው አስቀርተው ነው። ያኔ የሶቭየት ሻምፒዮና ማለት ከዓለም አቀፍ ውድድር የማያንስ ነበር። ልጆችህ ባለፈው የዞን ውድድር ተሸንፈው ከተመለሱ ይህን አንብብላቸው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው፣ እኔ በጣም የምወደው። እ.ኤ.አ. በ1960 አውስትራሊያ፣ አዴላይድ ላይ ፐርዲ ከሚባል ተጫዋች ጋር ሲጫወቱ ፐርዲ በንግሥት በኩል ካስሊንግ አደረገ፤ ንጉሡንና ሩኩን በአንድ እርምጃ ማንቀሳቀስ ማለት ነው። አቬርባክ ተቃወሙ። ሩኩ ጥቃት ያለበትን ቤት አልፎ ሄዷል፣ ይህ አይፈቀድም አሉ። ፐርዲ ክልክሉ ለንጉሡ ብቻ እንደሆነ ሊያስረዳ ሞከረ። እርሳቸውም ለንጉሡ ብቻ ነው፣ ለሩኩ አይደለም? ብለው ጠየቁ። አብሯቸው የነበረው ሶቭየታዊው ተጫዋች ባጊሮቭ በሩሲያኛ ካስረዳቸው በኋላ ጨዋታው ቀጠለ። አስበው! ግራንድ ማስተር ከሆኑ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል፤ የሶቭየት ሻምፒዮን ነበሩ። የማያውቁትን ነገር ሰው ፊት ጠየቁ፣ ሲነገራቸው ተቀበሉ። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ለሚያፍር ልጅ ይህን ንገረው።

ሦስተኛው ጋሼ ያሳዩን ነገር ነው፤ አንተም ሳታስታውሰው አትቀርም። ነጭ ንጉሡ ኢ5 በሚባለው ቤት ላይ፣ ወታደሩ ከፊቱ ኢ6 ላይ። የጥቁር ንጉሥ ከወታደሩ ፊት ኢ7 ላይ፣ ተራውም የጥቁር ነው። ማፈግፈግ ግድ ነው። መሄጃው ከኋላው ያሉት ሦስት ቤቶች ናቸው፤ በግራ ማዕዘን፣ በቀኝ ማዕዘን፣ ወይም ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ። ወደ ጎን ከሄደ አለቀለት፤ ወታደሩ ሄዶ ንግሥት ይሆናል። ቀጥ ብሎ ወደ ኢ8 ከተመለሰ ግን ይድናል። የነጭ ንጉሥ በየትኛውም ጎን ቢመጣ ፊት ለፊቱ ይቆምበታል። ይፋጠጣሉ። ወታደሩ ቢገፋም መጨረሻው የጥቁር ንጉሥ መሄጃ ማጣት ነው፤ ንጉሡ ጥቃት ላይ (ቼክ) ስላልሆነ አቻ ይወጣሉ። ጋሼ ይህን ሲያሳዩን «ስትሸሽም ቀጥ በል» ይሉ ነበር።

አቬርባክ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ነው። በሙያቸው መሐንዲስ ነበሩ። የጨዋታ ማብቂያን ልክ እንደ መሐንዲስ ዓይነት በዓይነት ለይተው በብዙ ቅጽ ጻፉት። ብዙ ሰው የሚወደው ጅማሬውን ነው፤ ጠጠሩ ሁሉ ሞልቶ፣ ግርግር ያለበትን። እርሳቸው ሦስትና አራት ጠጠር ሲቀር ያለውን ዝምታ ነው ያስተማሩት። ጋሼ ጠጠር ስለጠፋ ብቻ አይደለም ከዚያ የጀመሩት፤ መጽሐፉ ገብቷቸው ነው። ይህን አሁን ነው የተረዳሁት።

---

አዲስ ሰው

ጥሩ ነው፤ ግን ለምን ፈረንጅ? የራሳችን ሰው የለም? ጋሼ ያላችኋቸውን አትዘክሩም?

---

አያ ሰንጠረዥ (ብቸና)

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔ ግን ሁለቱን መለየት አልችልም።

አያቴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። ሰሌዳው ጨርቅ ነው፤ ነጭና ጥቁር የለውም፣ መስመር ብቻ ነው የተሠመረበት። የእኛ ጨዋታ እንደ ዛሬው ቼስ ተራ ጠብቆ አይጀመርም። መጀመሪያ ወረራ አለ። አንዱ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው፣ በፍጥነት፣ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። ከተበላ በኋላ ነው ተራ የሚያዘው። በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይመክራል፣ ይጮኻል። አጨራረስም ክብር አለው። ንጉሡን በፈረስ ወይም በሩክ ማጨናነቅ እምብዛም አያስመሰግንም። በመደቅ (በወታደር) ያሸነፈ ግን ይወራለታል። አፄ ልብነ ድንግል ሳይቀሩ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። የዛሬዋ ንግሥት ባለችበት ቤት በእኛ ሰንጠረዥ የሚቆመው ፈርዝ ይባላል፤ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ሩሲያዎች እስከዛሬ ንግሥቷን ፌርዝ ነው የሚሏት! ቢሾፕ የምትሉትን ደግሞ ዝሆን ይሉታል። የእኛም ፊል ዝሆን ማለት ነው። ጨዋታው ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዓረብ ሲሄድ ስሙን ይዞ ነው የሄደው፤ ወደ እኛም ወደ እነርሱም እንዲሁ ደረሰ። አቬርባክ በስተርጅና ብዙ የደከሙበት ይኸው ነው፤ ቼስ ከየት መጣ፣ በየት በየት አለፈ የሚለው ታሪክ።

ጋሼያችሁ ያንን የሩሲያኛ መጽሐፍ ሲያነቡ «ፌርዝ» ብለው ነበር ማለት ነው። አያቴ ቢሰሟቸው ቃሉን ያውቁት ነበር። ለልጆቹ ይህን ንገርልኝ።

---

የሬዲዮ ሰው

ጋዜጠኝነቱን ማንም አላነሳውምና እኔ ላንሳው። አቬርባክ የሶቭየት ኅብረት ዋና የቼስ መጽሔት አዘጋጅ ሆነው ብዙ ዓመት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአገሪቱን የቼስ ፌዴሬሽንም መርተዋል። በ1993 ለንደን ላይ ካስፓሮቭና ሾርት ሲገናኙ በዳኝነት ተቀምጠዋል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ መጽሔቱ ነው። ሩቅ ክፍለ ሀገር ያለ፣ ክለብ የሌለው ልጅ ቼስ የሚማረው በፖስታ በሚደርሰው መጽሔት ነበር። የአንድ አዘጋጅ ሥራ ያ ነው፤ የማታየውን ልጅ ማሰብ።

ስለ አምስቱ ደቂቃ ደግሞ ከሥራዬ ልምከርህ መምህር። ከአራት መቶ ቃል አትለፍ። የሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ ይንጫጫል፣ ግቢው ይጮኻል። ኢ5፣ ኢ6 የሚባል ነገር በድምፅ ማጉያ አይነበብም፤ ማንም አይከተልህም። ያንን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለህ ከክበቡ በር ላይ አቁመው። በድምፅ ማጉያው ታሪክ ብቻ አንብብ። አንድ ሽንፈት፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቆርኪ። ዓመተ ምሕረት ከሁለት በላይ አታስገባ። ደግሞም ራስህ አታንብበው፤ ልጅ ያንብበው።

---

የቼስ ክበብ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አያ ሰንጠረዥ፣ የፈርዝን ነገር ሳነብ ጋሼ ትዝ አሉኝ። በእርግጥም «ፌርዝ» ይሉ ነበር። እኛ የሩሲያኛ ቃል ብቻ መስሎን ነበር።

አዲስ ሰው ያሉት ወንድማችን ደግሞ እውነት አላቸው። ለጋሼ ቤተሰብ ደውዬ ስማቸውን እንዳነሳ ጠየቅኩ። ፈቅደዋል። ስለዚህ ሁለቱም ይነሳሉ።

ዛሬ ከክፍል በኋላ ያንን አሰላለፍ አራቱም ሰሌዳ ላይ ደረደርኩት። ምንም ሳልናገር «ጥቁር ይጫወት፣ ነጭ እንዳያሸንፍ» ብቻ አልኩ። ሦስቱ ሰሌዳ ላይ ወዲያው ወደ ጎን ሸሹ፣ ተሸነፉ። አራተኛው ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ገና ሁለት ወር ነው ክበቡን ከተቀላቀለች። ጣቷን ንጉሡ ላይ አድርጋ በጣም ቆየች። ወደ ግራ ገፋ አደረገችውና መለሰችው። ወደ ቀኝም እንዲሁ። ከዚያ ቀጥ አድርጋ ወደ ኋላ ሳበችው። «ለምን?» አልኳት። «ከመጣበት ጎን ልጠብቀው ነዋ» አለችኝ። ጽሑፉን የምታነበው እሷ ናት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የጋሼ መጽሐፍ የት እንደገባ ቤተሰቡም አያውቅም። እህቴ የምንቆረር ልጅ፣ አንቺ ጋ ከዚያ የተቀዳ ነገር ይኖር ይሆን?

---

የምንቆረር ልጅ (ባሕር ዳር)

አለ። ጋሼ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሥዕል ያስገለብጡን ነበር። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው፤ በእርሳስ። ነጩን ባዶ ክብ፣ ጥቁሩን የተቀባ ክብ አድርጌ ነው የሣልኩት። ዝናብ ያንጠባጠበበት ገጽ አለ፤ ሁለቱ ሥዕሎች አይነበቡም። ሌላው ደህና ነው። ከአንዳንዶቹ ሥር የጋሼ የራሳቸው ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ አለ።

ፎቶ አንስቼ ልልክልህ ነበር፤ ግን ልጆቹ በእጃቸው ይያዙት። ነገ ጠዋት በሚነሳው የማርቆስ መኪና ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ። በፌስታል ጠቅልዬ ላዩ ላይ «ቼስ ክበብ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ጠብቀህ ተቀበለው። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ መልሱልኝ።