7 ዓመት የጨረሰ ወታደር ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ጠያቂው፣ ሃምሳ አለቃ፦ የገባሁበትን የ7 ዓመት ግዴታ ጨርሻለሁ። በክፍላችን ኦራል የሚባለውን የጭነት መኪና የምጠግን መካኒክ ነኝ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ በጥገና ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። እናቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ብቻዋን ናት። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ እኔ ብሆን እቆያለሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ኑሯችን የተደላደለ መስሎን ነበር። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ገባ፤ ታኅሣሥ ላይ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች፤ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚላከው ልብስ ቀረ። እኔ የምሠራበት ቤት ሁለት የነበረው ፈረቃ አንድ ሆነ። ለግል ድርጅት በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝም የለም። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ አልቻልክም ከተባልክ ያለ ማስጠንቀቂያ ትሰናበታለህ።

የወታደር ልጅ፣ ደሴ፦ ሠራዊት ዋስትና ነው ሲባል ያመኛል። አባቴ 14 ዓመት አገልግሎ፣ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ደሴ ገባ። የያዘው በገመድ የታሰረ ግራጫ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር፤ እናቴ ለሁለት ቀድዳ እኔንና ወንድሜን አለበሰችበት። ጡረታ የለ፣ «የደርግ ወታደር» የሚሉትን ማን ይቀጥራል! ያበላን ክፍሉ ውስጥ የተማረው ብየዳ ነው። ሸዋ በር የሰው ጋራዥ ደጃፍ ላይ ያለ መነጽር ሲበይድ ይውላል፤ ሌሊት ዓይኑ ሲያቃጥለው እርጥብ ጨርቅ እናስርለት ነበር። እሱ በ40 ዓመቱ የጀመረውን አንተ በጉልበትህ ጀምረው። ሙያህን ይዘህ ውጣ።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ደሴ፦ ጡረታውን ዘለላችሁት። ሠራተኛው የትም ቢሆን 7 በመቶ ያዋጣል፤ አሠሪው ለወታደር 25፣ በግል ድርጅት 11 በመቶ ይከፍላል። ገንዘቡ ግን በስምህ አይጠራቀምም፤ አበልህን የሚወስነው የአገልግሎት ዘመንህና የመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝህ ነው። አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል። ሰባቱ እንዳይባክኑብህ የአገልግሎት ማስረጃህንና መሸኛህን በእጅህ ሳታስገባ ከክፍልህ እንዳትወጣ።

ነጋዴ፣ ኮምቦልቻ፦ ልጄ፣ ያን ጥቅምት ሱቄን ቆልፌ ልጆቼን ይዤ በሌሊት የወጣሁ እናት ነኝ። እንደ አንተ ያለው ሁሉ ከወጣ የቆመውን ኦራል ማን ያስነሳዋል?

የወታደር ልጅ፦ እማማ፣ ፍርሃትዎ የእኔም ነው፤ እኛም ያን ጊዜ ደሴን ለቀን ወጥተናል። ግን 7 ዓመት ሰጥቷል። ሌላ ወጣት ያሠልጥኑ።

ጠያቂው፦ ፋብሪካው የቅጥር ውሉን በጽሑፍ ከሰጠኝ እወጣለሁ፤ ማስረጃዬ እጄ ሳይገባ ግን መልቀቂያ አላስገባም። እህቴ፣ የጻፍሽውን ማታ በስልክ ለእናቴ አነበብኩላት። አባትሽ ዓይናቸው ዛሬ እንዴት እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላኛለች።