ጡንቻ ውስጥ የገባ የፊኛ ካንሰር፦ ፊኛውን ማውጣት ወይስ አቆይቶ ማከም?

ሐኪም ዘተመላላሽ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ67 ዓመት ወንድ ታካሚ ነው። ያለምንም ሕመም ደም የቀላቀለ ሽንት ይዞ መጥቶ በሲስቶስኮፒ (ፊኛን ከውስጥ በሚያሳይ ካሜራ) በፊኛው ግራ ግድግዳ ላይ 3.5 ሴ.ሜ. የሚሆን አንድ ዕጢ ተገኘበት፤ ተፍቆም ወጣ። ፓቶሎጂው «ሃይ ግሬድ ዩሮቴሊያል ካርሲኖማ (ከፊኛው ሽፋን የተነሣ ኃይለኛ ካንሰር)፣ ጡንቻ ውስጥ የገባ» ይላል። በደረት፣ በሆድና በዳሌ ሲቲ የተዛመተ ነገር አልታየም፣ ኩላሊቶቹም አላበጡም። ክሬቲኒን ክሊራንሱ (የኩላሊቱ የማጣራት አቅም) 52 ነው።

ዩሮሎጂስቱ ፊኛው ይውጣ ብለዋል። ልጆቹ ደግሞ «ሳይወጣ በጨረር ይታከማል» የሚል ነገር ሰምተው መጥተዋል። ሁለቱ ሕክምናዎች በውጤት ይበላለጣሉ? ይህ ሰው ፊኛውን ለማቆየት ይመጥናል? ኩላሊቱ ሲስፕላቲን ለተባለው የኬሞ መድኃኒት ካልበቃስ ከጨረሩ ጋር ምን ይሰጠዋል?

የዩሮ ሰው

ሰላም ዶክተር። ከማወዳደርዎ በፊት ሁለት ወረቀት መልሰው ይዩ።

አንደኛው የፓቶሎጂው ነው። «ጡንቻ ውስጥ የገባ» ብቻ አይበቃም። ከፊኛው ሽፋን ሥር ቀጫጭን የጡንቻ ክሮች አሉ፤ ዋናው ወፍራም ጡንቻ ከእነሱ በታች ነው። ካንሰሩ የነካው ቀጫጭኖቹን ብቻ ከሆነ ደረጃው ቲ1 (ዋናው ጡንቻ ውስጥ ገና ያልገባ) ነው፣ መንገዱም ፈጽሞ ሌላ ነው። ናሙናው በመፋቂያው ሽቦ ተቃጥሎ ሲመጣ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ሪፖርቱ ዋናውን ጡንቻ «ማስኩላሪስ ፕሮፕሪያ» ብሎ በስሙ ካልጠራ ስላይዱ በሌላ ፓቶሎጂስት ይታይ።

ሁለተኛው የኦፕሬሽን ማስታወሻው ነው። «ተፍቆ ወጣ» ሲባል በዓይን የሚታይ ነገር ሳይቀር ነው ወይስ ለናሙና ያህል ተቆንጥሮ? ብዙ ሰው ፊኛን ማቆየት ሲባል የሚታየው ጨረሩ ነው። ሥራው የሚጀምረው ግን ከመፋቁ ነው፤ ዕጢ ቀርቶ የተጀመረ ጨረር ከመነሻው ያነክሳል። ማስታወሻው ግልጽ ካልሆነ ጨረሩ ከመታቀዱ በፊት ድጋሚ ገብቶ ማየት፣ የቀረ ካለም መፋቅ ነው።

ስለ ውጤቱ፦ ሁለቱን በዕጣ መድቦ እስከ መጨረሻ ያወዳደረ ጥናት የለም። በእንግሊዝ «ስፔር» የተባለው ሙከራ ተነሥቶ 45 ሰው ብቻ መዝግቦ ቆመ። አይገርምም፤ ፊኛዬ ይውጣ አይውጣ በዕጣ ይወሰን ብሎ የሚፈርም ሰው ከየት ይመጣል? ያለን ጠንከር ያለ ማነጻጸሪያ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው የሦስት የአሜሪካና የካናዳ ማዕከላት ነው፦ 440 ሰዎች ፊኛቸው የወጣ፣ 282 የቆየላቸው። በ5 ዓመት ካንሰሩ ሌላ ቦታ ያልተዛመተባቸው 74 ከመቶ እና 75 ከመቶ ሆኑ። ፊኛቸውን ካቆዩት 13 ከመቶው በኋላ ማስወጣት ግድ ሆኖባቸዋል። በቀዶ ሕክምናው በኩል ደግሞ 2.5 ከመቶው በኦፕሬሽኑ ሰሞን ሞተዋል።

ለልጆቹ ቁጥሩን ሲነግሯቸው እነማን እንደተመረጡም ይንገሯቸው፦ ዕጢያቸው አንድ የሆነ፣ ከ7 ሴ.ሜ. ያነሰ፣ ቢበዛ አንድ ኩላሊት ብቻ ያበጠባቸው፣ በሽፋኑ ላይ በየቦታው የተሰራጨ ካርሲኖማ ኢን ሲቱ (ከሽፋኑ ያላለፈ ካንሰር) የሌለባቸው። የርስዎ ታካሚ በወረቀት ላይ ከነዚህ አንዱ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶቹ ቢያብጡ ወይም ፊኛው ከመጀመሪያውም ጠባብና በየግማሽ ሰዓቱ የሚያስሮጥ ቢሆን ግን ይውጣ እል ነበር፤ በጨረር የዳነ የማይሠራ ፊኛ ለማንም አይጠቅምም።

ለቀዶ ሕክምናው ደግሞ ፍትሐዊ ልሁን። ፊኛው ከፕሮስቴቱና ከዳሌው ሊምፍ ኖዶች (ንፍፊቶች) ጋር ሲወጣ እውነተኛው ደረጃ ይታወቃል። ሲቲ ንጹሕ ካለው ሰው ወደ ሩብ በሚጠጋው ሊምፍ ኖድ ውስጥ ካንሰር ይገኛል። ፊኛውን ያቆየ ሰው ይህን መረጃ አያገኝም።

ሊናክ

የጨረሩን በኩል ልጨምር። የሚሠራባቸው ልኮች ሁለት ናቸው፦ 64 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በ32 ጊዜ፣ ስድስት ሳምንት ተኩል ገደማ፤ ወይም 55 ግሬይ በ20 ጊዜ፣ አራት ሳምንት። የሁለት እንግሊዛዊ ሙከራዎች 782 ታካሚዎች አንድ ላይ ሲታዩ አጭሩ አላነሰም፣ እንዲያውም ፊኛውና ዳሌው ላይ በሽታውን በመቆጣጠር በለጠ። ከሩቅ ለሚመጣና አልጋ ለሚከራይ ሰው ሁለት ሳምንት ተኩል ቀላል ነገር አይደለም።

ጨረር ብቻውን ግን አይሰጥ። «ቢሲ2001» በተባለው 360 ሰዎች ያሉበት ሙከራ ኬሞ ሲጨመር በ2 ዓመት በሽታው ፊኛና ዳሌ ላይ ያልተመለሰባቸው ከ54 ወደ 67 ከመቶ አድገዋል። የርስዎን ጥያቄ የሚመልሰውም እሱ ነው፤ ያገለገለው ሲስፕላቲን ሳይሆን ሚቶማይሲን 12 ሚ.ግ. በካሬ ሜትር በመጀመሪያው ቀን፣ ፍሎሮዩራሲል ደግሞ 500 ሚ.ግ. በካሬ ሜትር በቀን፣ ያለማቋረጥ በፓምፕ፣ ከ1ኛው እስከ 5ኛውና ከ16ኛው እስከ 20ኛው የጨረር ቀን። 52 ክሊራንስ ለዚህ አያሳስብም። ፍሎሮዩራሲልን የሚያፈርሰው ዲፒዲ ኢንዛይም ጉድለት ያለበት ሰው ግን በመጀመሪያው ዙር ሊሞት ይችላል፤ ምርመራው በሚገኝበት ቦታ ቀድሞ ይሠራ።

ፓምፕ ከሌለ በሳምንት አንድ ጊዜ ጄምሲታቢን 100 ሚ.ግ. በካሬ ሜትር ይሰጣል። እዚህ ላይ አንዲት ዜሮ ሰው ትጎዳለች፦ ያለ ጨረር የሚሰጠው የተለመደው ልክ 1000 ነው። እሱ ከዳሌ ጨረር ጋር ቢሄድ አንጀቱን ያቃጥለዋል። ማዘዣው ላይ «ከጨረር ጋር» ተብሎ ይጻፍ።

የዕለቱ ሥራ ላይ የሚበላሸው ፊኛው ስለሚንቀሳቀስ ነው። በዕቅድ ሲቲው ቀን ባዶ ከነበረ በየቀኑ ባዶ መሆን አለበት። ታካሚው ጠረጴዛው ላይ ሊወጣ ሲል ይሽና፤ ከሸና በኋላ ወረፋ ጠብቆ ግማሽ ሰዓት ካለፈው ድጋሚ ይሽና። በሰገራ ወይም በጋዝ የተነፋ ፊንጢጣም ፊኛውን ወደፊት ይገፋዋል፤ ስለዚህ ድርቀት ይታከም። ባለሙያዎቹ ጨረሩን ከማብራታቸው በፊት የፊኛውን ቦታ በየቀኑ በምስል የሚያረጋግጡ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ በዙሪያው የሚተወው ኅዳግ ሰፋ ይላል፣ ትንሹ አንጀትም ዋጋውን ይከፍላል።

የረጅም ጊዜ ጉዳቱ ከሚወራው ያነሰ ነው። ፊኛቸውን ይዘው በተከታተሉ 157 አሜሪካውያን ላይ ዘግይቶ የመጣ ከባድ የዳሌ ጉዳት 7 ከመቶ ነበር፤ በጨረሩ ጉዳት ምክንያት ፊኛው የወጣበት ሰው አልነበረም።

ሲስተር ስቶማ

ሁለታችሁም ስለ ካንሰሩ ብቻ አወራችሁ፤ ፊኛው ከወጣ በኋላ ሽንቱ በየት ይሂድ?

በብዛት የሚሠራው ከትንሹ አንጀት 15 ሴ.ሜ. ገደማ ተቆርጦ ሽንቱን ወደ ሆድ ቆዳ የሚያወጣው ነው፣ ከረጢት ይለጠፍበታል። ሁለተኛው ከ50 እስከ 60 ሴ.ሜ. አንጀት ተሰፍቶ በፊኛው ቦታ የሚቀመጠው አዲስ ፊኛ ነው። ይሄኛው በሽንት መውጫው ያሸናል፤ ግን ሲሞላ አይነግርም። በሰዓት መሽናት ነው፦ መጀመሪያ በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀስ በቀስ እስከ አራት ሰዓት፤ ሌሊትም ደወል አስሞልቶ መነሣት። አልወጣ ካለ ራሱ ካቴተር ያስገባል። ክሊራንሱ 52 የሆነ ሰው አዲሱን ፊኛ ሊከለከል የሚችልበት ጠርዝ ላይ ነው፤ አንጀቱ አሲዱን መልሶ ስለሚመጥ ኩላሊቱ መቋቋም አለበት።

ከረጢቱ ከተመረጠ የስቶማው (ሽንቱ በሆድ ቆዳ ላይ የሚወጣበት ቀዳዳ) ቦታ ከኦፕሬሽኑ በፊት በቀለም ምልክት ይደረግ፦ ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ ተኝቶ እየታየ። እኛ አገር አንድ ይጨመር፦ ይስገድ። ቆሞ የማይታይ የሆድ እጥፋት ጎንበስ ሲል ይመጣል፤ ስቶማው እጥፋቱ ውስጥ ከገባ ከረጢቱ አይይዝም። ከቀበቶና ከመቀነት መስመርም ይራቅ። የከረጢቱ ቀዳዳ ከስቶማው 3 ሚ.ሜ. ገደማ ብቻ ይስፋ፤ ሰፍቶ የተቆረጠ ቀዳዳ ቆዳው ላይ ሽንት ያስተኛል፣ ቆዳውም ይቆስላል። ስቶማው እስከ 8 ሳምንት እየቀነሰ ስለሚሄድ በየሳምንቱ ይለካ። ከረጢት ሲሶው ሲሞላ ይደፋል፣ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይቀየራል፤ በወር እስከ 10 ማለት ነው። ከየት እንደሚገዛ ሳይታወቅ ኦፕሬሽን አይግባ።

የወሲብ ነገር ልጆቹ ባሉበት አይጠየቅም፤ ታካሚውን ለብቻው ያነጋግሩት። ፕሮስቴቱ አብሮ ሲወጣ ነርቮቹ ብዙ ጊዜ ይጎዳሉ።

ሐኪም ዘተመላላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሪፖርቱን መልሼ አየሁት፤ ማስኩላሪስ ፕሮፕሪያ በስሙ ተጠርቷል። ግን «ከፊል ስኳመስ ልውጠት» (የካንሰሩ ሕዋስ በከፊል የቆዳ ሕዋስ መምሰል) የሚልም አለበት። ታካሚው ወጣትነቱን በመካከለኛው አዋሽ የጥጥ እርሻ አሳልፏል፤ ቢልሃርዚያ ይሆን? ይህስ ምርጫውን ይለውጣል?

የዩሮ ሰው

ጥሩ አየህ ዶክተር (አንቱታውን ትተነዋል መሰለኝ)። ፊኛን የሚጎዳው ሄማቶቢየም የተባለው የቢልሃርዚያ ዓይነት በአገራችን የሚታወቀው በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በኩርሙክ በኩል ነው። በጣና ዙሪያ ያለው ማንሶኒ የአንጀትና የጉበት ነው፤ ለፊኛ ካንሰር አይከሰስም።

የሚለውጠው ይህ ነው፦ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ስኳመስ ከሆነ ጨረር ብዙም አይበግረውም፣ ፊኛው ይውጣ። ዩሮቴሊያል ሆኖ ከፊሉ ስኳመስ ቢመስል ግን ያ ብቻውን ማቆየትን አይከለክልም። አንተ ዘንድ ያለው ሁለተኛው ነው፤ ሆኖም የተፋቀው ናሙና በሙሉ መታየቱን ፓቶሎጂስቱን ጠይቅ። ፊኛው በቢልሃርዚያ ጠጥሮና ግድግዳው በካልሲየም ነጥቶ ከሆነም ሲቲው ላይ ይታያል። እንዲያ ያለ ፊኛ መቆየቱ ትርፍ የለውም።

የወረፋውን ነገር ደግሞ አትርሳ። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ነበር፤ ዛሬ ሌሎችም ቢጀምሩ ቀኑን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ያዝ። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ጡንቻ መግባቱ ከታወቀ ሦስት ወር ማለፍ የለበትም። የጨረሩ ቀጠሮ ከዚያ የሚያልፍ ከሆነና ኦፕሬሽኑ በወር ውስጥ የሚደርስ ከሆነ እኔ ኦፕሬሽኑን እመርጣለሁ። ኬሞን ማስቀደም የሚቻል ከሆነ፣ ሲስፕላቲን ለሁለት ተከፍሎ 35 ሚ.ግ. በካሬ ሜትር በ1ኛውና በ8ኛው ቀን ከጄምሲታቢን ጋር በ52 ክሊራንስም የሚሰጡ አሉ። ካርቦፕላቲን የሲስፕላቲንን ቦታ አይተካም።

ሐኪም ዘተመላላሽ

ከጨረሩ በኋላ ካንሰሩ ቢመለስስ?

ሊናክ

ሁለት ዓይነት መመለስ አለ። ሽፋኑ ላይ ብቻ ከሆነ ይፋቃል፣ ቢሲጂ (ከቲቢ ክትባቱ የሚሠራ መድኃኒት) ፊኛው ውስጥ ይሰጣል፤ ፊኛው አሁንም ሊቆይ ይችላል። ጡንቻ ውስጥ ከተመለሰ ሳይውል ሳያድር ይወጣል፤ ያኔ ጨረር ያገኘ አንጀትና የሽንት ቱቦ ሲሰፋ የመጥበብና የማፍሰስ ዕድሉ ከፍ ይላል፣ አዲስ ፊኛ መሥራትም ብዙ ጊዜ አይሞከርም። ስለዚህ ክትትሉ ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው፦ ሲስቶስኮፒ በየሦስት ወሩ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በየስድስት ወሩ፣ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ዕድሜ ልክ። አንድ ቀጠሮ አልፎ የሚቀር ሰው ፊኛውን ማቆየት የለበትም። የመጀመሪያውን የሲስቶስኮፒ ቀን ጨረሩ ሳይጀመር ካርዱ ላይ ጻፍለት።

ሲስተር ስቶማ

ፊኛው ከወጣ ደግሞ ቢ12ን በዓመት አንዴ ይለኩ። አንጀቱ የተቆረጠው ቢ12 ከሚመጠጥበት ጫፍ አካባቢ ነው፤ ሁሉንም አጽዋማት ሥጋና ወተት ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነ ቶሎ ይወርዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ መዋልም ለኩላሊቱም ለአሲዱም አይሆንም፤ ለንስሐ አባታቸው የሚያሳዩት ደብዳቤ ቢጽፉላቸው ይቀበላሉ።