የቲማቲም ችግኜ አንገቱ ቀጥኖ ይወድቃል፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (አዘዞ፣ ጎንደር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከፍሬው እየተለቀመ የሚዘራ፣ ትልቅና ሸንሸን ያለ የድሮ ቲማቲም ዘር አለኝ። መስከረም 25 በሳጥን ዘራሁ፤ በ9ኛው ቀን በቀለ። አሁን ግን ግማሹ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል ቀጥኖ እየወደቀ ነው። አፈሩ ዋልካ በፍግ ነው፤ ጠዋት ማታ አጠጣለሁ። የተረፈውን መቼ ላዛውር? አምና ደግሞ ፍሬው ከቂጡ ጠቁሮ ነበር፤ የትኛውን መድኃኒት ልርጭ?

ጓሮ ወዳድ፦ የወደቀው አይነሳም፤ ከነአፈሩ አውጥተህ ጣለው። በሽታው አፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ ነው፤ የሚያበረታው ደግሞ የማታው ውሃህ ነው። ዋልካ ውሃ ይዞ ስለሚያድር አንገቱ አይደርቅም። ጠዋት ብቻ፣ ያውም ላዩ ሲደርቅ አጠጣ። ችግኙ ከተጠጋጋ አሳሳውና በመሃሉ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ተው። ለሚቀጥለው 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ በደንብ የተብላላ ፍግ ቀላቅል፤ ዘሩን ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ አትቅበረው።

ችግኝ አፍይ፦ ለማዛወር ቀን አትቁጠር፣ ቅጠል ቁጠር። 4 ወይም 5 እውነተኛ ቅጠል (ሲበቅል መጀመሪያ ከሚወጡት ሁለቱ ቀጥሎ የሚመጣውን) አውጥቶ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው፤ ባንተ አዘራር ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ህዳር መጀመሪያ። ሳምንት ሲቀረው ውሃ ቀንስና ፀሐይ አለማምደው። ወደ ማታ ላይ፣ ግንዱን እስከ ታችኛው ቅጠል ቅበረው፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። በተክሎች መሃል 50 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመር መሃል 1 ሜትር። የድሮው ዘር አብዛኛው ማደጉን አያቆምምና 2 ሜትር እንጨት በተከላው ዕለት ትከልለት፤ ቆይተህ ብትተክል ሥሩን ትበጥሳለህ። ድንች ወይም በርበሬ የነበረበት መደብ ላይ አይሆንም፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታቸው አንድ ነው።

የጎንደር ታህሳስ ሌሊቱ ብርድ ነው። ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፤ ማዳበሪያ አያድነውም። ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነ የድንጋይ ግንብ ካለህ እሱ ሥር ትከል።

ዋልካ መሬት፦ የቂጡ መጥቆር በሽታ ስላልሆነ ርጭቱ ገንዘብ ማባከን ነው። ውሃ ሲቋረጥና ሲበዛ ካልሲየም ወደ ፍሬው አይደርስም። በ3 ወይም 4 ቀን አንዴ ሥሩ ድረስ አርስ፤ ላዩን 5 ሳንቲ ሜትር ጭድ አልብስ። ዩሪያ ማብዛትም ያባብሰዋል።

ጓሮ ወዳድ፦ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ መጨመርስ?

ዋልካ መሬት፦ አፈር ውስጥ እስኪሟሟ ወራት ይፈጃል፤ ለዘንድሮ ፍሬ አይደርስም። ዋልካም አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም አይቸግረውም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዘሩንስ እንዴት ልያዝ? ጎረቤት የገበያ ድቅል ዘር ተክሏል።

ችግኝ አፍይ፦ ድቅሉ እንዳይቀላቀልብህ የአንዱን ዘለላ አበባ ከመፍካቱ በፊት በስስ ጨርቅ ሸፍነው፤ ጠዋት ጠዋት ዘለላውን በጣትህ ነካ ነካ አድርገው። ሲቋጥር ጨርቁን አውጣና ዘለላውን በክር ምልክት አድርግበት። ፍሬው ጥርት ብሎ ሲበስል ዘሩን ከነጭማቂው በብርጭቆ 2 ወይም 3 ቀን አስቀምጥ፣ በቀን አንዴ አማስለው፤ ዘሩ ላይ ያለው ዝልግልግ ይለቃል። አጥበህ በሰሃን ላይ ጥላ ሥር አድርቅ፤ ወረቀት ላይ ካደረግኸው ተጣብቆ ይቀራል።