የአዳማን ዜና ከድሮ አዲስ ዘመን ጥራዞች እንዴት ለቅመን እናውጣ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። አዳማ ላለ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከ1945 እስከ 1966 ዓ.ም. ከተማችን በአዲስ ዘመን ላይ እንዴት እንደተዘገበች የሚያሳይ ማውጫ እያዘጋጀን ነው። ከየት ይጀመራል? በስልክ ማንሳትስ ይበቃል?

መልስ 1፦ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት። የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። «አዳማ» ብላችሁ ብትፈልጉ ግን ባዶ እጃችሁን ነው የምትመለሱት፤ የዚያን ዘመን ጋዜጣ «ናዝሬት» ነው የሚለው። እሱም አይበቃም። ከተማዋ የነበረችበትን «የረርና ከረዩ አውራጃ»ን፣ በአቅራቢያዋ ያሉትን «ወንጂ» እና «ቆቃ»ንም ያዙ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946፣ የቆቃ ግድብ በ1952 ሥራ ስለጀመሩ በነዚያ ዓመታት ገጹን ሁሉ ማገላበጥ ያዋጣል። የክፍለ ሀገር ዜና ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በውስጥ ገጽ ጥግ ላይ ተሸጉጦ ያልፋችኋል።

መልስ 2፦ ቀኑ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በፈረንጆች ቀን ከሚጽፈው የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ከኢትዮጵያን ሄራልድ ጋር ስታስተያዩ፣ ቀኑን ካልቀየራችሁ አንዱ ዜና ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። የፈረንጆቹን ዓመት ለማግኘት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8 ዓመት ደምሩ። በዘመነ ዮሐንስ ግን የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 በእኛ ታኅሣሥ 22 ላይ ስለሚውል 8 መደመር ከዚያ ቀን ይጀምራል። ካርዱ ላይ የታተመበትንና ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀን ለየብቻ ጻፉ፤ «ባለፈው ማክሰኞ» የሚል ዜና ብዙ ነው። ዓመትና ቁጥር፣ ገጽና ዓምድም አይቅሩ።

መልስ 3፦ ስልክ ይበቃል፣ ፍላሽ ካልተጠቀማችሁ። ስልኩን በእጅ አትያዙት፤ ማቆሚያ ላይ ከገጹ ጋር ትይዩ አድርጉት። መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ። መጀመሪያ ሙሉ ገጹን፣ ቀጥሎ ዜናውን ብቻ አንሱ። ጥራዙን በኃይል ለጥጣችሁ አትክፈቱት፤ የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት ዱቄት ስለሚሠራ በራሱ አሲድ ይሰባበራል፣ መጀመሪያ የሚቀደደውም ስፌቱ አጠገብ ነው። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፣ ሙጫው ቡናማ እየሆነ ፊደሉን ይበላል። ፋይሉን «1952-07-14-ገ3» ብላችሁ ሰይሙት፣ በራሱ ቅደም ተከተል ይይዛል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። ጽሑፉን በኮምፒውተር ማስለቀምስ?

መልስ 3፦ ቴሰራክት የሚባለው ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም አማርኛ ያውቃል፤ ግን በድሮው ማተሚያ የብረት ፊደል ታትሞ የደበዘዘ ጽሑፍ ላይ ሐ እና ሕን፣ ጸ እና ጻን ያምታታል። ርእሱን በእጅ ጻፉ፣ ዝርዝሩን ለማሽኑ ተዉት።