ልጄ ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ይሸሻል፤ ሰላምታ እንዴት ላስተምረው?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ እናት)፦
የ8 ዓመቱ ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት ከታወቀ 2 ዓመት ሆነ። መናገር ይችላል፤ ከታላቅ እህቱም ጋር ይጫወታል። የምቸገረው ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ነው። ቡናው ሲወቀጥ ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል፤ እንግዶች ጉንጩን ሊስሙት ሲሉም ይጮኻል። አንዳንዶች «ያልተቀጣ» ይሉታል፤ አማቴም እየጎተቱ ያስጨብጡታል። ቡናውን እንዳልተወው፣ ጎረቤቶቼ በክፉም በደጉም ያልተለዩኝ ሰዎች ናቸው። ምን ይሻለኛል?

መልስ (ከደሴ፣ እናት)፦
አብሽሪ እህቴ። የእኔዋ አሁን 15 ዓመቷ ነው። ያስጨንቃት የነበረው እንግዳው ሳይሆን ቡናው መቼ እንደሚያልቅ አለማወቋ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ካርቶን ላይ ሦስት ስኒ ሣልኩላትና አቦል፣ ቶና፣ በረካ በተጠጣ ቁጥር አንዱን ስኒ በጠርሙስ ክዳን እንድትሸፍን አደረግሁ። አንድ ቀን ከበረካ በኋላ ጨዋታው ስለረዘመ ካርቶኑን ቀደደችው፤ በአዲሱ ላይ አራተኛ ሥዕል፣ በር፣ ጨመርኩበት፤ እንግዳ ሲወጣ በሩን ትሸፍናለች። ቡናውንም የምንወቅጠው እሷ ጓሮ ስትወጣ ነው።

መልስ (ከሐይቅ፣ የልዩ ፍላጎት መምህር)፦
ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት የጆይ የኦቲዝም ማዕከል ያለው አዲስ አበባ፣ ከእኛ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሆነ፣ አብዛኛው ሥራ በቤተሰብ ላይ ይወድቃል። መጨበጥና መሳም ከከበደው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይበል፤ በአገራችን የአክብሮት ሰላምታ ስለሆነ ማንም አይቀየመውም። መጀመሪያ ከእህቱ ጋር፣ ቀጥሎ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ብቻ ያለማምዱት፤ ባደረገው ቁጥር ወዲያው ያመስግኑት። ዐይን ለዐይን ማየትንም ቀስ በቀስ ያስተምሩት። ለጎረቤቶችዎ ኦቲዝም የአስተዳደግ ጉድለት ሳይሆን አብሮት የተወለደ የአእምሮ እድገት ልዩነት መሆኑን፣ ቁጣም እንደማይለውጠው፣ ልጁ በሌለበት ይንገሯቸው።

መልስ (ከደሴ፣ ኦቲዝም ያለብኝ የ24 ዓመት ወጣት)፦
እትዬ፣ መምህሩ ስለ ደረቱ ሰላምታ የጻፉት ትክክል ነው፤ ስለ ዐይኑ ግን በአክብሮት አልስማማም። እኔ የሰው ዐይን እያየሁ ስሰማ ንግግሩ ያመልጠኛል፤ ስኒውን ወይም ከሰሉን እያየሁ ግን አንድም ቃል አይጠፋኝም። ልጅነቴን ሙሉ «ቀና በል» ስባል እንዳልሰማሁ ተቆጥሬ ተቀጥቻለሁ። እባክዎን፣ ወዴት እንደሚያይ ለእሱ ይተዉለት።

መልስ (ከሐይቅ፣ መምህሩ)፦
ተቀብያለሁ፤ ያልኩትን አንስቻለሁ።

ጠያቂዋ፦
አላህ ይስጣችሁ። ለአማቴ አስቀድሜ ነግሬያቸው፣ ትናንት ካርቶኑን ሠርቼ ሞከርን። አማቴ ከልምድ የተነሣ እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጁ እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ ግን እሳቸውም የዘረጉትን ወደ ደረታቸው መለሱ። እስከ ቶና ተቀምጦ በረካ ሳይፈላ ጓዳ ገባ፤ ማንም አልጠራውም። ሰዉ ሲወጣ ተመልሶ የቀረውን ስኒም በሩንም ሸፈነ።