ስፒድ ቴስቱ ደህና ነው፣ ጌም ላይ ግን ማታ ማታ ፒንጉ 900 ይደርሳል

ቀኝ_ክንፍ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች አንድ ራውተር እንጋራለን። ፓኬጃችን 20 ሜጋቢት ዳውንሎድ፣ 2 ሜጋቢት አፕሎድ ነው፤ ስፒድ ቴስት ስሠራም ከሞላ ጎደል ይኸው ነው የሚመጣው። ጠዋት ስጫወት ፒንጉ (ዳታው ሰርቨር ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ በሚሊሰከንድ) 60 አካባቢ ነው፣ ምንም ችግር የለም። ማታ ሁሉም ሲሰበሰብ ግን ጉድ ይፈላል። 60 ላይ ቆይቶ ድንገት 700፣ 900 ይሆናል። ጠላት ፊቴ ቆሞ ጥይት አርከፈክፍበታለሁ፣ ስክሪኑ ሲመለስ የሞትኩት እኔ ነኝ።

ታላቅ እህቴ ከቤት ነው የምትሠራው፣ የቪዲዮ ስብሰባ አላት። ታናሼ ቪዲዮ ያያል። የእናቴ ስልክም አለ። ሥራ ያላት ሰው ስላለች «ኔት አጥፉልኝ» ማለት አልችልም። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ እኔ ደግሞ ሁለት ግድግዳ አልፌ በዋይፋይ ነው የምጠቀመው። ፓኬጁን ወደ 50 ላሳድገው ወይስ የጌሚንግ ራውተር የሚሉትን ልግዛ?

ሽቦ_ይሻላል

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። ጌም ራሱ ብዙ ኔት አይበላም፣ አብዛኛው የተኩስ ጌም ስትጫወት ከ1 ሜጋቢት በታች ነው የሚጠቀመው። ብዙ የሚበላው አፕዴቱ ነው። አንተን የሚገድልህ ዳታው ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ስፒድ ቴስት ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ስለሱ ምንም አይነግርህም።

መጀመሪያ ችግሩ ከአንተ እስከ ራውተሩ ነው ወይስ ከራውተሩ ወዲያ የሚለውን ለይ። ዊንዶውስ ከሆነ ኮማንድ ፕሮምፕትን በሁለት መስኮት ክፈት። በአንዱ ራውተሩን ፒንግ አድርግ፣ ማለትም «ፒንግ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈህ አድራሻውን አስከትል። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ካልሆነ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጥ ዲፎልት ጌትዌይ ከሚለው ጎን ታገኘዋለህ። በሌላው መስኮት 8.8.8.8ን (ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨር ነው) ፒንግ አድርግ። እንዳያቆም መጨረሻው ላይ ሰረዝና ቲ ጨምር። ከዚያ ማታ እየተጫወትክ ላጉ (መዘግየቱ) ሲጀምር የትኛው እንደዘለለ እይ። የራውተሩ ከዘለለ ዋይፋይህ ነው። የራውተሩ ረግቶ የውጭው ብቻ ከዘለለ፣ ነገሩ መስመሩ ላይ ነው።

ጸጥ_ያለች

ሁለት ግድግዳ ካለ ዋይፋዩን ሳታይ አትለፍ። የያዝከው የዋይፋይ ሞገድ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው ወይስ 5? 2.4 ግድግዳ ይሻገራል፣ ግን የጎረቤቱ ራውተር ሁሉ እዚያው ታጭቋል። ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናል 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭም እዚያው ነው የሚረብሹት። 5 ሰፊ ነው፣ ግድግዳ ሲበዛበት ግን ይደክማል። ራውተሩ ቲቪ ጀርባ ተወሽቆ ከሆነ አውጥታችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት።

ሽቦ_ይሻላል

ወይም ኬብል ዘርግቶ መገላገል። ተራ ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት ይሸከማል፣ ካት 8 እያሉ የሚሸጡልህን እርሳው።

ፈጣን_እጅ

እኔ ዲኤንኤስ ወደ 1.1.1.1 ቀይሬ ተሻለኝ። ሞክረው። የወንድምህንም ቪዲዮ ቁረጥበት፣ ታላቅ አይደለህም እንዴ።

ሽቦ_ይሻላል

ዲኤንኤስ የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ ቀይሮ ሥራው ያበቃል። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ፒንግ ላይ የለበትም። ዌብሳይት ቶሎ ሊከፍት ይችላል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቀኝ_ክንፍ (ጠያቂ)

ኬብል ተዋስኩና በኮሪደሩ ጥግ ለጥግ ዘረጋሁት። ሁለቱንም መስኮት ከፍቼ ስጫወት አመሸሁ። የራውተሩ 1 ሚሊሰከንድ ላይ ቁጭ አለ፣ ንቅንቅ የለም። 8.8.8.8 ግን እናቴ ከሥራ ስትገባ ጠብቆ ጀመረው! በሩ ሲዘጋ ሰማሁ፣ ስልኳን ቻርጀር ላይ ሰካች፣ ትንሽ ቆይቶ 58፣ 61፣ 340፣ 790፣ 860። ስልኳ ላይ ደግሞ ምንም የከፈተችው ነገር የለም፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ታናሼ ቪዲዮ ሲያይ እንኳ እንደዚህ አልሆነም።

ወረፋ_ጠባቂ

ተገኘ። የእናትህ ስልክ ቤት ገብቶ ዋይፋይ ሲይዝ፣ ቀን ያነሷቸውን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ወደ ክላውድ መጫን ይጀምራል። አንድ ስልክ ብቻውን 2 ሜጋቢቱን አፕሎድ ጥርቅም አድርጎ ይሞላዋል። ሁሉም ዳውንሎዱን ነው የሚያየው፣ ጌም ግን የአንተን እንቅስቃሴ በዚያችው ጠባብ አፕሎድ በኩል ነው የሚልከው።

900 ከየት እንደመጣ ላስላልህ። ራውተሩ (ወይም ሞደሙ) ከመስመሩ አቅም በላይ የመጣበትን ዳታ አይጥለውም፣ ወረፋ ያስይዘዋል። ወረፋው 256 ኪሎባይት ይይዛል እንበል። በቢት ሲሆን 2 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ በ2 ሜጋቢት አፕሎድ ተልኮ እስኪያልቅ 1 ሰከንድ ይፈጃል። የአንተ ሚጢጢ የጌም ዳታ ስትመጣ የእናትህ ፎቶዎች ኋላ ተሰልፋ ያንን ሰከንድ ትጠብቃለች። በፈርብሎት የሚባለው ይኼ ነው። ፓኬጁን 50 ብታደርገውና አፕሎዱ እዚያው 2 ላይ ቢቀር ማታህ አይለወጥም።

መፍትሔው ወረፋው ራውተሩ ውስጥ በሥርዓት እንዲያዝ ማድረግ ነው። ኤስኪውኤም የሚል ቅንብር (ወረፋውን በብልሃት የሚያስተዳድር ነው) ካለ አብራው። ውስጡ ኤፍኪው-ኮዴል ወይም ኬክ የሚባል አሠራር አለ፤ የመጀመሪያው በ2018 አርኤፍሲ 8290 በሚል የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ሆኖ ወጥቷል። እያንዳንዱን የዳታ ፍሰት በየራሱ ወረፋ ይለይና በተራ ያሳልፋቸዋል፣ ስለዚህ ትንሿ የጌም ዳታ ከትልቁ ጭነት ኋላ አትቀርም። ቁልፉ ገደቡን ከመስመሩ ትክክለኛ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው፦ ለአንተ አፕሎድ 1.8፣ ዳውንሎድ 18 አካባቢ። እኩል ካደረግከው ወረፋው ተመልሶ ከራውተሩ ቁጥጥር ውጪ ይሆናል። ትንሽ ፍጥነት ታጣለህ፣ እውነት ነው፣ ግን የእህትህም ስብሰባ መቆራረጡን ይተዋል።

ራውተራችሁ ይህን ካላወቀ ኦፕን ደብሊው አር ቲ (ነጻ የራውተር ሶፍትዌር) የሚጫንበት ሌላ ራውተር ከኋላው መቀጠል ይቻላል፤ ከመግዛትህ በፊት ሞዴሉ ከሚደገፉት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ። «ጌሚንግ» ተብሎ ስለተጻፈበት ብቻ አትውሰድ፣ አንቴናው ስለበዛ ወረፋው አያጥርም።

ጸጥ_ያለች

ከዚያ በፊት ግን ነጻ የሆነውን ሞክሩ። የእናትህን የፎቶ ባክአፕ አብረሃቸው ተቀምጠህ አስተካክል፣ ዝም ብለህ አታጥፋባቸው፤ ስልኩ የጠፋ ቀን ጉዱ የአንተ ነው። ዊንዶውስ ላይም ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ውስጥ ግባና አፕዴት ኢንተርኔት ላይ ላሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች እንዳያካፍል አድርግ፣ እሱም አፕሎድ ይበላል።

ቀኝ_ክንፍ (ጠያቂ)

የእኛ ራውተር ኤስኪውኤም የለውም። ኪውኦኤስ በሚለው ቅንብር (ኔቱ ለማን እንደሚቀድም የሚወሰንበት) ውስጥ ግን ለየዕቃው የአፕሎድ ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል። የእናቴን ስልክ 0.8 ላይ አሰርኩት፣ ፎቶው ቀስ ብሎ ይጫናል፣ ከፍቶ የሚጠብቀው ሰው የለም። ፒንጉ አሁን ከ60 እስከ 80 ነው። እህቴ ስብሰባ ስትገባ ብቻ 200 ይነካል።

ወረፋ_ጠባቂ

የእሷን በገደብ አትሰር፣ ምስሏ ይበላሻል። ካሜራዋ በኤችዲ የሚልክ ከሆነ ኤችዲውን እንድታጠፋ ለምናት፤ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ለሚታይ ፊት አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ሆኖ እሷም ስልኩም አንተም አንድ ላይ ስትገቡ ካልበቃ፣ ያኔ አፕሎዱ ከፍ ያለ ፓኬጅ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀኝ_ክንፍ (ጠያቂ)

እሺ፣ ዛሬ እነግራታለሁ። 60ዋንስ መቀነስ ይቻላል?

ሽቦ_ይሻላል

እሷ የርቀት ጉዳይ ናት። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ሰርቨሩ 5,000 ኪሎሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ ብቻ 50 ሚሊሰከንድ ነው፣ ማንም ምንም ቢሸጥልህ ከዚያ አይወርድም። ጌሙ ውስጥ ሪጅን መምረጥ ከተቻለ ሁሉንም እየቀያየርክ ፒንጋቸውን እይ።

ፈጣን_እጅ

ታናሽህም መጫወት ከጀመረና አንዳችሁ ላይ ጌሙ «ናት ታይፕ ስትሪክት» (ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር መገናኘቱ ተገድቧል) ካለ፣ ራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒ (ጌሙ የሚፈልገውን በር ራውተሩ በራሱ እንዲከፍት የሚያደርገው ቅንብር) መብራቱን እዩ። እኛ ቤት ለሁለት ስንገባ ያስቸገረን እሱ ነበር።

ወረፋ_ጠባቂ

ይኼኛው ልክ ነው :) ላጉን ግን አይነካውም፣ ከጓደኛ ጋር መገናኘትንና የድምፅ ቻቱን ነው የሚያስተካክለው።